የአሥረኛው ቀን ምሳ

የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ላይ ዚፕ እየገጠምኩ ነበር። ሰፈራችን ጊንጆ ውስጥ ጥሩምባ ሲሰማ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ በር ላይ ይወጣል፤ እኔም ሁልጊዜ እወጣለሁ። ያን ቀን ግን ጥሩምባ ነፊው ከሱቄ ፊት ቆሞ፣ "የአቶ ደጀኔ ባለቤት፣ ወይዘሮ ጫልቱ አርፈዋል! ቀብር ስምንት ሰዓት!" እያለ ሲጮህ እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሳሁም። ዚፑን ጨረስኩ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ቀሚሱን አጥፌ በፌስታል ከተትኩና አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አደ ጫልቱን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ሁሉ እኔ የእሳቸው ቀኝ እጅ እንደነበርኩ ያውቃል። ከአራት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል እንዳልተለዋወጥን ያውቃል። ምክንያቱን ግን አጣርቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። "አስቴር ቂመኛ ናት" የሚሉኝ አሉ። አልክድም፣ ቂም ይዣለሁ። አንቱታውን ብቻ አልነፈግኳቸውም፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም። እኒያ ሴትዮ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚበልጡብኝ ነበሩ። ያቆሰሉኝም በዚያው ልክ ነው።

በከተማችን መርካቶ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ወጥ ሠርተዋል። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሴት ነበሩ። እኛ አገር ትልቅን ሴት በኦሮምኛ "አደ" ብለን ስለምናከብር፣ አማርኛ ብቻ የምንናገረውም ሳንቀር ስማቸውን ያለ "አደ" ጠርተነው አናውቅም። ባለቤታቸው ጋሽ ደጀኔ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት የማያውቃቸው ገበሬ የለም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሲፈን።

አደ ጫልቱን ከሌላው ሰው የሚለያቸው ለቅሶ ቤት ሲመጡ የሚያደርጉት ነገር ነው። ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲገባ እሳቸው መጀመሪያ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፤ እንሰቱ ሥር ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ።

የጉድጓዱን ነገር ላስረዳ። ሰው ሲሞት ጎረቤት በየቤቱ ወጥ ሠርቶ፣ እንጀራ ጠቅልሎ ለሐዘንተኛው ይወስዳል፤ እዝን ይባላል። ደግ ልማድ ነው። ችግሩ ሁሉም የሚያመጣው በቀብሩ ዕለት መሆኑ ነው። አርባ ቤት አርባ ድስት ያመጣል። ወደ ኋላ መቅረት የሚፈልግ የለም፤ አሳንሳ አመጣች መባል የሚፈልግማ ጭራሽ የለም። ለቅሶ ቤት የገባ ምግብ ደግሞ ወደ መጣበት አይመለስም፣ ሞት ይከተለዋል ይባላል። ሠልስት ደርሶ ድንኳን ሲነሳ ግማሹ ወጥ ኮምጥጦ፣ እንጀራው ሻግቶ ይገኛል። ያኔ የእድሩ ጎረምሶች ጅብ እንዳይመጣ ብለው ጉድጓድ ይቆፍሩና ይቀብሩታል።

አደ ጫልቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ይላሉ። በእንጨት ቆስቆስ ያደርጉና ያሸታሉ።

"ይሄ የዘውድነሽ ነው" ይላሉ። "ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ነው ውኃ የምትቸልስበት። ይሄኛው የሀሊማ ምስር ነው። ውይ ሀሊማ! ስንት ሰዓት ቆማበት ይሆን?"

ሃያ ዓመት ወጥ ቤት የቆመ አፍንጫ ነው፤ የሰፈሩን ድስት አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል። ስም እየጠሩ ያዝኑለታል። ሰው ይስቅባቸው ነበር፣ እኔም ስቄባቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ዘውድነሽ፣ "ምን አስጨነቀዎት አደ ጫልቱ፣ የተረፈውን እኮ ነዳያን ይበሉታል" አለቻቸው።

"በሦስተኛው ቀን? የነዳያን ሆድ ከብረት ነው እንዴ?"

"ቢቀር ቢቀር ውሻ ይበላዋል።"

"እስቲ ያንቺን ውሻ ጥሪውና አብይው፣ እኛም እንይ።"

"ታዲያ ምን ይደረግ? ከማነስ መትረፍ ይሻላል፤ ማነስ ያዋርዳል።"

"ማነሱንማ በአሥረኛው ቀን ሄደሽ እይው" አሉና ወደ ድንኳኑ ገቡ።

የአሥረኛውን ቀን ነገር ያኔ ማንም አልገባውም። ለእኔ የገባኝ አንድ ሹፌር ጎረቤታችን ሞቶ ሰነባብቶ፣ አደ ጫልቱ አንድ ቀትር ላይ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ "መቀስሽን አስቀምጪና ተከተዪኝ" ያሉኝ ቀን ነው። ተከተልኳቸው። ወደ ሹፌሩ ቤት ወሰዱኝ። ድንኳኑ ከተነሳ ሳምንት ሆኖታል። ሚስቱ መሬት ተቀምጣለች፤ ሦስቱ ልጆቿ የትናንት ቂጣ ስኳር በሌለው ሻይ እያራሱ ይበላሉ። እኛን ስታይ ደንግጣ ተነሳች። ትልቁን ልጅ ወደ ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ ስኳር ተበድሮ እንዲመጣ ላከችው፤ እኛም እንዳልሰማን ሆንን። ጓሮ ስንወጣ የጉድጓዱ አፈር ገና አልተጠቀጠቀም ነበር። እዚያ ውስጥ እኔ ራሴ ያመጣሁት ሽሮ አለ።

"አየሽ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ አደ ጫልቱ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ትርፍ ነው ብለን ነበር የደፋነው። ትርፍ አልነበረም። የእነዚህ ልጆች የዛሬ ምሳ ነው። ቀኑ ሳይደርስ አምጥተን ቀበርነው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ለምግብ የሚሳሳ ሰው ሁሉ ስስታም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ሆንኩ። ደንቡን ሱቄ ውስጥ ተቀምጠን አወጣነው፤ እሳቸው ሲያስቡ እኔ ስጽፍ። እስከ ሠልስት እንግዳ ስለሚበዛ በቀን አራት ቤት ያምጣ። ከዚያ በኋላ እስከ አሥረኛው ቀን በየቀኑ አንድ ቤት። የቀረው ሰው ለሚቀጥለው ለቅሶ ተራውን ይጠብቅ። ሌላ ነገር የለውም፤ እዚህ ግባ የሚባል ብልሃት አይደለም። የሴቶቹን እድር ለማሳመን ግን ዓመት ፈጀብን።

በስብሰባው ሁሉም ጥሩ ነው ይላሉ። "ግን ከሚቀጥለው ለቅሶ ይጀመር" ይላሉ። የሚቀጥለው ለቅሶ ሲመጣ ደግሞ ሐዘንተኛው፣ "በእኔማ አይጀመርም፣ የእኔ ሰው ምን በወጣው!" ብሎ ያኮርፋል። ደንቡ ሰው የማይሞትበት ቤት ፍለጋ ሲንከራተት ቆየ። አደ ጫልቱ እጃቸውን እያጣፉ፣ "ማል ጎና? ምን እናድርግ እንግዲህ፣ እኔ ልሙትላችሁ እንዴ?" ይሉ ነበር።

ቀድማ የሞተችው እናቴ ናት።

እናቴ አየለች ዕድሜዋን ሙሉ መርካቶ ኮረሪማና ዝንጅብል ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በቀኝ እጇ ዘገን አድርጋ ትጨምራለች፤ ምራቂ ሳትሰጥ የሸኘችው ደንበኛ የለም። "የሰው ልክ ይሞላል፣ የኔ ከዚያ በላይ ነው" ትል ነበር። እኔ አንድ ልጇ ነኝ፤ ከእሷ ሌላ የቀረኝ ዘመድ ሊሙ ገነት ያለችው አክስቴ በላይነሽ ብቻ ነበረች።

ከቀብር መልስ አደ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አስቴር፣ በእናትሽ እንጀምር።"

"ዛሬ?" አልኳቸው።

"ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆን። አንቺ ካልደፈርሽ ማን ይደፍራል? ለእኔም ቀኔ ሲደርስ እንዲሁ ነው፤ ለደጀኔም እንዲሁ ነው። ሲፈን ትሙት!"

በአንድ ልጃቸው ማሉልኝ። እሺ አልኩ። ያን ቀን ማንም ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ከድንኳኑ አስወጣው ነበር።

አራት ድስት ብቻ ገባ። ሰው በላ፤ የጎደለበት አልነበረም። አክስቴ በላይነሽ ግን የአርባ ድስቱን ለቅሶ ነው የምታውቀው። በሩን እያየች የሚመጣ ድስት ትጠብቃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች። ደንቡን ላስረዳት ሞከርኩ፤ አደ ጫልቱም መጥተው አስረዷት። ጆሮዋን አልሰጠችም።

"እህቴ ለስንቱ መርቃ ሰጥታ በአራት ድስት ትሸኝ?" አለች፣ ሰው እየሰማ። በሠልስቱ ሻንጣዋን አንስታ በር ላይ ቆመች። "እናትሽን ሰው እንደሌላት አደረግሻት፣ አስቴር። ከእንግዲህ እኔ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ።"

እንደተናገረችው አደረገች። በሊሙ መኪና ሹፌሮች መልእክት ብልክባት መልስ የለም፣ ብደውል አታነሳም።

አሥረኛው ቀን የአደ ጫልቱ ተራ ነበር። ቀትር ላይ ድንች አልጫ በትንሽ ድስትና ትኩስ እንጀራ ይዘው መጡ። ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የበላሁት ሁሉ አፈር አፈር ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እርዱ ሲሸተኝ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ሁለት እንጀራ በላሁ። እያለቀስኩ ነው የበላሁት። አደ ጫልቱ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ያን ምሳ እስክሞት አልረሳውም። አክስቴ አንድ ቀን ቢገባት ብዬ የጸናሁት በዚያ ምሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሰመረ። በእኔ ሲያዩት ሌሎቹም ደፈሩ። ተራውን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በተከታታይ ሦስት ለቅሶ ጉድጓድ ሳይቆፈር አለፈ፤ ጎረምሶቹ "አካፋችን ዛገ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሀሊማ ተራዋ ሲደርስ ሁለቱም ሃይማኖት የሚበላውን መርጣ ምስር ወይም አተር ክክ ይዛ ትመጣለች። "ወላሂ፣ ድሮ የማበስለው ለጉድጓድ ነበር፣ አሁን ሰው ሲበላልኝ አየሁ" አለችኝ። ከሌላ ቀበሌ ሁለት ሴቶች መጥተው ወረቀቱን ገለበጡ። አደ ጫልቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወረቀቱ ፊት ይቆሙና፣ "እማማ አየለች መንገድ ጠረጉልን" ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ጋሽ ደጀኔ የሞቱት በቡና ለቀማ ወቅት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሚያመጡት አራት ቤቶች አንዱ እኔ ነበርኩ። ከእናቴ ኮረሪማ በቅምጫና የቀረች አንድ እፍኝ ነበረችኝ፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት። ወቅጬ ምስሩ ላይ ጨመርኳት። ድስቴንና የተራውን ወረቀት ግልባጭ ይዤ ስሄድ መንገዱ በመኪና ተዘግቷል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከየገጠሩ ቡና የሚሸጥላቸው ሁሉ መጥቷል። ድንኳኑ ሁለት ነው። ከመኪና ላይ ድስት ይወርዳል፤ ከሰፈር ድስት ይመጣል። ዘውድነሽ በትልቁ ሳህን አሸክማ ስትገባ እኔን አይታ ዓይኗን ሰበረች።

አደ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከልቤ አዝኜላቸው ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ለአራቱ ቤት ነግሬያለሁ፤ ሌላውን በር ላይ ሆኜ ልመልስልዎት?" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

"ተዪው አስቴር።"

"ምኑን?"

"ደጀኔ ስንት ሰው የሚያውቀው ሰው ነው። የእናትሽ ሌላ ነው።"

ይህንን ያሉት በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን በሐዘን ነው ብዬ እተወው ነበር። አንድ ሰው ጨው አነሰ ብሎ እንደሚናገረው አድርገው ነው የተናገሩት። የእናትሽ ሌላ ነው። እኔ እናቴን የሰጠኋቸው ደፋር ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እናቴ ለሙከራ የማታሳሳ ሆና ነው። አንድ ልብስ ሰፊ አዲስ ልክ ሲሞክር ውዱን ጨርቅ አይቆርጥም፤ አቡጀዲ ላይ ነው የሚሞክረው። ይህንን ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ባይብስ ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። ቀና ስል ከድንኳኑ ማዶ አክስቴን በላይነሽን አየኋት። ቡናዋን ለጋሽ ደጀኔ ነበር የምትሸጠው፤ ለቅሶ መጥታለች። የሚገባውን ድስት በዓይኗ ትከተላለች። ተነስቼ ሄድኩ፤ ልስማት ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አለች።

"ለባለጸጋ ሲሆን ደንቡ ይነሳል ማለት ነው?" አለችኝ። "ወይስ የእኔ እህት ብቻ ናት ተራ የሚጠበቅባት?"

የተራውን ግልባጭ አጥፌ ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

በሠልስቱ ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ። እንደ አደ ጫልቱ ሆኜ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ እሳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቁጢጥ ብዬ ወደ ታች አየሁ። የእኔ አፍንጫ እንደ እሳቸው አይደለም፤ የሰፈሩን ድስት ለይቼ አላውቅም። አንዱን ብቻ አወቅሁት። የእናቴ ኮረሪማ ከዚያ ሁሉ ኮምጣጣ መሀል ወጥቶ ሸተተኝ። የሚጠራለት ስላልነበረ እኔው ስሙን ጠራሁለት። "የአየለች ነው" አልኩ። ጎረምሳው አካፋውን ይዞ፣ "ምን አልሽ እትዬ?" አለኝና አፈሩን ጨመረበት።

በዚያው ተራው ፈረሰ። ማን ያክብረው? ሁሉም "አደ ጫልቱ ራሳቸው..." እያለ ወደ አርባው ድስት ተመለሰ። ወረቀቱን ከግድግዳ አንስቼ በጀርባው የአንገት ልክ ቆረጥኩበት።

አደ ጫልቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሱቄ መጡ፤ ጋሽ ደጀኔ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥቁር ቀሚሳቸውን እንዳጠብብላቸው ነው። ያ ደልዳላ ሰውነት የት እንደገባ አላውቅም፤ በሽታው ያኔ ጀምሯቸው ኖሯል። መስታወቱ ፊት አቁሜያቸው ጎን ጎኑን በስፒል እይዛለሁ፤ ስፒሎቹን አፌ ውስጥ ነው የማደርጋቸው። ከዚያ መስታወቱን እያዩ፣ "ሰው ሁሉ ሲያይሽ፣ አስቴር፣ ያወቅሽው ሁሉ ይጠፋሻል" አሉ።

ይቅርታ አልነበረም። በር ማንኳኳት ነበር። ስፒሎቹን ተፍቼ መልስ ለመስጠት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። እኔንም እኮ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር ማለት እችል ነበር። ስፒሎቹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ልኬን ጨረስኩ። ቀሚሱን በማግስቱ በሲፈን ላኩላቸው። ከዚያ በኋላ ከመንገድ ማዶ ራሳቸውን ጎንበስ ያደርጉልኛል፤ እኔም ጎንበስ አደርጋለሁ።

ጥሩምባው የተነፋ ቀን ቀብራቸው ሄድኩ፤ ከኋላ ቆምኩ። ለጋሽ ደጀኔ መንገድ ከዘጉት መኪናዎች አንዱም አልመጣም። የሰፈር ሰው ነበር፣ የድሮ የሆቴሉ ሠራተኞች ነበሩ። ከቀብር መልስ ዘውድነሽ ድስቷን አሸክማ ስትደርስ ሲፈን ከተቀመጠችበት ተነስታ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ ዘውድነሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እማዬ ተናዛ ነው የሞተችው።"

ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አወጣች። የአደ ጫልቱን ጠማማ የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ነው የማውቀው። ጮክ ብላ አነበበችው። "ለእማማ አየለች የተደረገውን ያህል ይደረግልኝ። ከዚያ አንድ ድስት እንዳያልፍ።" ከሥሩ ቤቶቹ ተራ በተራ ተጽፈዋል። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

ልቤ ቀለጠ ብል እዋሻለሁ። ተናደድኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሱቄ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ሊሙ ገነትም በመኪና የሚደረስበት አገር ነው፤ አንድ ቀን ሄደው ለአክስቴ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሊሏት ይችሉ ነበር። ከሞቱ በኋላማ መድፈር ቀላል ነው፣ ማን ያያቸዋል? ደግሞም የእናቴን ስም ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም አሁን ሳያስፈቅዱኝ፣ መጠቀማቸው ነው። ሲፈን ወረቀቱን ስትሰጠኝ መጨረሻውን አየሁት። አሥረኛው ቀን፣ አስቴር ይላል። ሞተውም ያዝዙኛል ማለት ነው።

ዘውድነሽ ድስቷን ይዛ በር ላይ ቀረች። "እንዴ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ የደረሰ ምግብ ወደ ቤት ይመለሳል? ሞት እንዲከተለኝ ነው?"

"ሞት ከፈለገሽ ያለ ድስትም ያገኝሻል፤ ይልቅ ልጆችሽን አብያቸው" አለቻት ሀሊማ። ዘውድነሽ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ሰላም ናት።

ዘጠኙ ቀን በተራው አለፈ። እኔ አልሄድም ብዬ ቆርጬ ነበር። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ግን ሽንኩርት ስልጥ ራሴን አገኘሁት፤ ምስር ሠራሁ። መንገድ ላይ ለሲፈን የምነግራትን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። እናትሽ በአንቺ ምለው ነው የከዱኝ ልላት ነበር።

በሩን ስትከፍትልኝ ብቻዋን ናት። ዓይኗ አብጧል። ቤቱ ተጠርጓል፣ የሚሸት ነገር የለም፤ ምድጃው ከትናንት ጀምሮ አልተነካም። የእኔ ቤት በአሥረኛው ቀን ምን ይመስል እንደነበር አስታወሰኝ። የደረደርኩትን ሁሉ ተውኩት። እንጀራውን ዘርግቼ ወጡን አወጣሁላት። መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገች፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ጎረሰች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ሳህኑን በመጨረሻዋ ቁራሽ ስትጠርግ እንዲህ አልኳት።

"ሲፈን፣ እናትሽን ይቅር አላልኳቸውም። እንድታውቂው ነው።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ አስቴር። እሷም ይቅር ትለኛለች ብላ አልጻፈችሽም። 'ትቀየመኛለች፣ ግን ትመጣለች' ነው ያለችኝ።"

ይህንን ስሰማ እንደገና ተናደድኩ። እኔን ይህን ያህል የሚያውቁኝ ሰው፣ በዚያ ቀን ፊታቸውን ወደ እኔ ማዞር ለምን አቃታቸው? ተነስቼ ድስቴን አነሳሁ። በር ላይ ስደርስ ሲፈን ከኋላዬ፣ ባዶውን ሳህን እንደያዘች ጠየቀችኝ።

"ነገ የማን ተራ ነው?"

ወረቀቱ አሥር ላይ ያልቃል። ዝርዝሩን እኔ ነኝ መጀመሪያ የጻፍኩት፤ ከአሥር በኋላ ማንም የለም። እናቴ ግን ልክ ሞላ ብላ አቁማ አታውቅም።

"ነገ የእማማ አየለች ነው" አልኳት። "ምራቂው።"